ራም ምንድን ነው? «ሚሞሪው ሞልቷል» ብላችሁ ፎቶ ከማጥፋታችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የሱቃቸውን ኮምፒውተር አሸክመው መጡ። ተከፍቶ እስኪነሳ ቡና ይፈላል። አንድ የሚያውቁት ልጅ «ሚሞሪው ሞልቶ ነው፣ ፎቶዎቹን ያጥፏቸው» ብሏቸው የልጃቸውን የሰርግ ፎቶ ከነፎልደሩ አጥፍተውታል። ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርገዋል። ኮምፒውተሩ ግን ያው ነው፤ ይንቀራፈፋል። ከፍቼ ሳየው ሃርድ ዲስኩ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ራሙ ደግሞ 2 ጊጋ ብቻ።

ይህን ምክር ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ግን የሰርግ ፎቶ ሲያስጠፋ ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ።

ችግሩ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። እኛ ጋ «ሚሞሪ» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበን ስልክ ውስጥ የምትገባዋ ካርድ ናት። ዘፈን ይጫንባታል፣ ፎቶ ይቀመጥባታል። እሷ ማስቀመጫ ናት። የኮምፒውተሩ ሚሞሪ፣ ማለትም ራም፣ ማስቀመጫ አይደለም። መብራት ሲጠፋ አብሮ ባዶ ይሆናል። ሴቭ ሳያደርግ መብራት ሄዶበት የሁለት ሰዓት ጽሑፍ ያጣ ሰው ራም ምን እንደሆነ በደንብ ያውቀዋል፤ ስሙን ባያውቀውም።

እህል የምታበጥር ሴት አስቡ። እህሉ ያለው ጎተራ ውስጥ ነው። ግን ጎተራ ውስጥ ገብታ አታበጥርም። የሚበቃትን ቀድታ ሰፌዷ ላይ ታደርጋለች። ጎተራው ሃርድ ዲስኩ ነው። ሰፌዱ ራሙ ነው። እጇ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ሥራውን የሚሠራው ክፍል ነው። አሁን ጎተራውን ግማሽ ብታጎድሉት ሰፌዱ ይሰፋል? አይሰፋም። ፎቶ ማጥፋት ማለት ጎተራ ማጉደል ነው።

ሰፌዱ ሲጠባት ግን ቀኑ በመመላለስ ያልቃል። ያለውን ወደ ጎተራ ትመልሳለች፣ ሌላ ትቀዳለች፣ ቆይታ ደግሞ የመለሰችውን ትፈልገዋለች። ዊንዶውስም ራም ሲያልቅበት እንዲሁ ያደርጋል። ለጊዜው የማይፈልገውን ዲስኩ ላይ ወደያዘው ቦታ ያወጣል፤ ሲፈልገው መልሶ ያስገባል። ራም ላይ ያለን ነገር ለማግኘት የሚፈጀው ጊዜ በናኖ ሰከንድ ነው የሚቆጠረው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ግን 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ አካባቢ ነው። ክሮም ላይ አምስት ገጽ ከፍታችሁ ማውሱ ስታክ ሲያደርግ፣ የዲስኩም መብራት ያለማቋረጥ ሲበራ፣ ያ የመመላለሱ ምልክት ነው።

እውነት ነው፣ ሲ ድራይቭ ጢም ብሎ ከሞላ ዊንዶውስ ለዚህ ልውውጥ ቦታ ያጣል። ያኔ ማጽዳት ይረዳል። የእሳቸው ዲስክ ግን ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር።

ሌላውም ጫፍ አለ። «ራም በጨመርክ ቁጥር ይፈጥናል» የሚል ሰው ሰሞኑን በልበ ሙሉነት ሲመክር ሰማሁ። ወንድሜ፣ ሰፌዱ የምታበጥረውን ሁሉ ከያዘላት በኋላ ብታሰፋው እጇ አይፈጥንም። ራም የሚያፈጥነው ራም ያነሰውን ኮምፒውተር ነው። ያነሰው መሆኑን ደግሞ መገመት አያስፈልግም። የዘወትር ሥራችሁን ሁሉ ክፈቱ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ፐርፎርማንስ በሚለው ስር ሚሞሪን እዩ። ከመቶ ዘጠናዎቹ ውስጥ ከተቀመጠ ራም ጨምሩ። ግማሹን እንኳ ካልነካ ግን ብራችሁን ራም ላይ አታውሉት። ችግሩ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ከሆነ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከረውን ፈጣን ዲስክ ግዙ። ያ ጎተራውን ደጃፍ ድረስ እንደማምጣት ነው።

ራም ለመጨመር ኬዙ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ሣጥን፣ እንዴት እንደሚከፈት አልነግራችሁም፤ ስታዩት ይገባችኋል። ገመዱን ነቅላችሁ የማብሪያ ቁልፉን አንዴ ተጫኑ፣ የቀረውን ኤሌክትሪክ እንዲያፈስ። ራሙን ከመያዛችሁ በፊት ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ንኩ። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ከሰውነታችን የሚወጣው ኤሌክትሪክ ሳይታወቀን ቺፕ ይገድላል። በነገራችን ላይ ሲፒዩ ማለት ኬዙ አይደለም። ሲፒዩ ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ነው። «ሲፒዩው ተበላሸ» ተብሎ ስንት ጤነኛ ፕሮሰሰር ይታማል።

መቆየት የምፈልገው የራሙ ዓይነት ላይ ነው፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ነው። የእሳቸው ኮምፒውተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 790 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ። የሚቀበለው ዲዲአር3 ብቻ ነው። ዲዲአር4 «አዲስ ስለሆነ ይሻላል» ተብሎ አይገባበትም። ዲዲአር3 240 እግር አለው፣ ዲዲአር4 288። መሃሉ ላይ ያለው ቆረጣም ቦታው ይለያያል። አልገባ ሲል በኃይል የገፋ ሰው ስሎቱን፣ ማለትም ራሙ የሚሰካበትን ቦታ፣ ሰብሮ አምጥቶልኝ ያውቃል። ፍጥነቱም እንዲሁ ነው። የዚያ ዘመን ኮር አይ5 ፕሮሰሰር ከ1333 በላይ አይሄድም። 1600 የሚል ብትሰኩበት ይሠራል፣ ግን በ1333 ነው የሚሠራው። ለ1600 ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

ከሁሉ የከፋው ለሰርቨር፣ ማለትም ለድርጅቶች ትልልቅ ኮምፒውተር፣ የተሠራው ራም ነው። ያገለገለው በርካሽ ይሸጣል። እሱም ዲዲአር3፣ 240 እግር፣ ቆረጣውም እዚያው ነው። በትክክል ይገባል፣ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም። ሬጂስተርድ የሚባለው ዓይነት በተራ ዴስክቶፕ ላይ አይሠራም። ሰዉ ማዘርቦርዱ የተቃጠለ ይመስለዋል። ስቲከሩ ላይ ከፒሲ3 ቁጥር መጨረሻ አር የሚል ፊደል ካለ መልሱት። ስትገዙ «ካልሠራ እመልሳለሁ» ብላችሁ ተስማሙ።

በተቻለ መጠን ሁለት እኩል ግዙ። 8 ጊጋ ከፈለጋችሁ ባለ 4 ጊጋ ሁለት ይሻላል። ቀለማቸው በሚመሳሰሉት ሁለት ስሎቶች ላይ ሲሰኩ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቀዳል። የሁለቱም ጫፍ መቆለፊያ ቀጭ እስኪል ድረስ ተጫኑት። ካልተነሳ ነቅላችሁ የወርቅማ እግሮቹን በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ጥረጉ፤ ፍርፋሪውን አራግፉ።

አንድ ነገር ይቀራል። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ 8 ጊጋ ብትሰኩም አብዛኛውን አይጠቀምበትም። የተለመደው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋ አያልፍም፤ በተግባርም የሚሠራበት 3 ጊጋ ምናምን ነው። ባለ 64 ቢቱ እንደ አዲስ መጫን አለበት። የእሳቸውም 32 ነበር።

እዚህ ላይ ነው እጄን የሰበሰብኩት። የጠፋ ፎቶ ከሃርድ ዲስኩ ወዲያው አይወገድም። የሚሰረዘው አድራሻው ነው፤ ፎቶው ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። ዊንዶውስ ብጭንበት ግን ላዩ ላይ መጻፌ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ዲስክ ነቅዬ አስቀመጥኩት። ዊንዶውሱን አዲስ ኤስኤስዲ ላይ ጫንኩ፣ ባለ 4 ጊጋ ሁለት ራም ሰካሁ። አሁን ቶሎ ይነሳል። ግን የፍጥነቱ ምክንያት ራሙ ብቻ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ኤስኤስዲውም ድርሻ አለው።

ዲስኩን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ፣ ምንም ሳልጽፍበት፣ ፎቶዎቹን መፈለግ ጀምሬያለሁ። እስከ ትናንት ማታ ሰላሳ ሰባት ተገኝተዋል። ሙሽሪት እናቷን ጉልበት ስትስም የተነሳችው ከእነሱ አንዷ ናት።