ሳንት ኤጂዲዮ፦ ከቤት አልባዎች ጋር ማዕድ የሚቋደሰው የሮም ማኅበረሰብ

ሳንት ኤጂዲዮ በ1968 በጣሊያን ዋና ከተማ በሮም የተመሠረተ የካቶሊክ ማኅበረሰብ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባላቱ በአብዛኛው የራሳቸው ሥራና ትዳር ያላቸው ምእመናን ሲሆኑ፣ ዛሬ ከሰባ በሚበልጡ አገሮች ይገኛሉ። ዓለም ማኅበረሰቡን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው በሽምግልናው ነው፤ የሞዛምቢክን የእርስ በርስ ጦርነት ያበቃው ስምምነት በኦክቶበር 4 ቀን 1992 በሮም የተፈረመው በእርሱ አስታራቂነት ነበር። ይህ ዳሰሳ ግን የሚያተኩረው ከሽምግልናው ቀድሞ በተጀመረውና ዛሬም በየምሽቱ በሚቀጥለው ሥራ ላይ፣ ማለትም አባላቱና በጎ ፈቃደኞቹ ያለ አንዳች ክፍያ ለጎዳና ተዳዳሪዎች በሚያቀርቡት ምግብና ከእነርሱ ጋር በሚመሠርቱት ወዳጅነት ላይ ነው።

ቅድመ ታሪክ

ክርስቲያኖች ለችግረኞች ማዕድ መዘርጋት የጀመሩት ከቤተ ክርስቲያን ልደት ጋር ነው ማለት ይቻላል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው፣ በዕለት ዕለቱ እደላ መበለቶቻችን ችላ ተባሉብን የሚል ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ ሰባት ሰዎች የተመረጡት ይህንኑ ማዕድ እንዲያገለግሉ ነበር። በአራተኛው መቶ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ በቀጰዶቅያ ቂሳርያ ድሆችን፣ እንግዶችንና ሕሙማንን የሚያስተናግድ ሰፊ ተቋም አቋቁሟል። በሮም ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ታላቁ ጎርጎርዮስ በየዕለቱ ዐሥራ ሁለት ድሆችን በገበታቸው ያስቀምጡ እንደነበር፣ አንድ ቀንም ዐሥራ ሦስተኛ ሆኖ የተገኘው እንግዳ መልአክ እንደነበር ይተረካል፤ የበሉበት ነው የሚባለው የእብነ በረድ ጠረጴዛም በቼልዮ ኮረብታ እስከ ዛሬ ይታያል። ትረካውን እንደ ትውፊት ብቻ ብንይዘው እንኳ፣ ድሃውን ደጅ ላይ ከመመጽወት ይልቅ ገበታ ላይ ማስቀመጥ በዚያች ከተማ የቆየ ሐሳብ መሆኑን ያስረዳል።

አመሠራረት

የማኅበረሰቡ መሥራች አንድሬያ ሪካርዲ ናቸው። ኋላ ላይ የታወቁ የታሪክ ፕሮፌሰር፣ ከ2011 እስከ 2013 ደግሞ የጣሊያን ሚኒስትር የሆኑት ሪካርዲ በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1968 ጥቂት የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸውን ሰብስበው ወንጌልን በጋራ ማንበብ ሲጀምሩ የ18 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበሩ። ጊዜው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ከተዘጋ ሦስት ዓመት ያልሞላው፣ የአውሮፓ ወጣቶችም በተቃውሞ አደባባይ የሚወጡበት ነበር። እነዚህ ተማሪዎች ግን ወደ ከተማዋ ዳርቻ አቀኑ። በቴቬሬ ወንዝ አጠገብ፣ ከደቡብ ጣሊያን ሥራ ፍለጋ የመጡ ቤተሰቦች ከእንጨትና ከቆርቆሮ በተቀለሱ ጎጆዎች ወደሚኖሩባቸው ሰፈሮች እየሄዱ ከሰዓት በኋላ ሕፃናትን ያስተምሩ ጀመር። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኙት «የሰላም ትምህርት ቤቶች» መነሻቸው ይኸው ነው።

በ1973 ወጣቶቹ በትራስቴቬሬ ሰፈር የቀርሜሎስ መነኮሳይያት ለቀውት ባዶ ወደ ነበረው የቅዱስ ኤጂዲዮ ገዳም ገቡ፤ ስማቸውንም ያገኙት ከዚያ ነው። የምሽት ጸሎታቸው ቋሚ ሆኖ የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። በቀሩት የሰባዎቹ ዓመታት ብቻቸውን የሚኖሩ የሰፈሩን አረጋውያን ወደ መጠየቅ ተሻገሩ። በ1986 ቅድስት መንበር ዓለም አቀፍ የምእመናን ማኅበር መሆናቸውን አጽድቃለች።

የገና ምሳ

በ1982 የገና ዕለት በትራስቴቬሬ በምትገኘው የቅድስት ማርያም ባዚሊካ ውስጥ ጠረጴዛ ተዘረጋ። ተጋባዦቹ ሃያ ያህል ነበሩ፤ አባላቱ የሚያውቋቸው ዘመድ የሌላቸው አረጋውያንና ጎዳና ላይ የሚያድሩ ሰዎች። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ወንበሮቹ ተነሥተው ነጭ ጨርቅ የለበሰ ገበታ በቤተ መቅደሱ መሀል፣ በዐሥራ ሁለተኛው መቶ ዘመን በተሠራው የወርቅ ሞዛይክ ፊት ለፊት መቀመጡ ለብዙዎች አዲስ ነገር ነበር። በየዓመቱ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ ይህ ምሳ ማኅበረሰቡ ባለባቸው አገሮች ሁሉ፣ ከአብያተ ክርስቲያናት እስከ እስር ቤቶችና የአረጋውያን መጦሪያዎች ድረስ ይዘጋጃል።

የምሳው ሥርዓት ከምግቡ ባልተናነሰ ይታሰብበታል። ተጋባዡ ስሙ በተጻፈበት መጥሪያ ይጠራል፤ በየጠረጴዛው ከሚያውቀው በጎ ፈቃደኛ ጋር ይቀመጣል፤ በሮም ብዙ ጊዜ ላዛኛ፣ ከዚያም ሥጋና ምስር፣ በመጨረሻም ፓኔቶኔ የተባለው የገና ዳቦ ይቀርባል። ሲጠናቀቅ ለእያንዳንዱ ስሙ ያለበት ስጦታ ይሰጠዋል። ስጦታው ሰውየው የሚያስፈልገውን አስቀድሞ በሚያውቅ ሰው የተመረጠ መሆን አለበት የሚለው ልማድ ለአዘጋጆቹ ሳምንታት የሚፈጅ ሥራ ይጨምርባቸዋል፤ ሆኖም ማኅበረሰቡ በጅምላ ወደ ማደል አልተመለሰም።

ሞደስታ ቫሌንቲ

ከመጀመሪያው የገና ምሳ አንድ ወር ያህል በኋላ የተፈጸመ አንድ ሞት የማኅበረሰቡን የጎዳና አገልግሎት መልክ አስይዞታል። ሞደስታ ቫሌንቲ ከትሪየስቴ የመጡ፣ በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የሚያድሩ የ71 ዓመት ሴት ነበሩ። በጃንዋሪ 31 ቀን 1983 ታመው ወደቁ። አምቡላንስ ተጠርቶ መጣ፤ ሆኖም ሰውነታቸው ቆሽሿል፣ ቅማልም አለባቸው በሚል ሳይጭናቸው ቀረ። ማን ይውሰዳቸው በሚል ሰዓታት ሲባክኑ ሞደስታ እዚያው ጣቢያው ውስጥ አረፉ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የዕረፍታቸው ቀን በቀረበ ጊዜ በሮም የመታሰቢያ ቅዳሴ ይደረጋል። በቅዳሴው ላይ በከተማዋ ጎዳናዎች የሞቱ ሰዎች ስም አንድ በአንድ ይነበባል፤ ለእያንዳንዱም ሻማ ይበራል። የሟቾቹ ወዳጆች፣ ራሳቸውም ጎዳና የሚያድሩ፣ ከፊት ይቀመጣሉ፤ ከቅዳሴው በኋላም አብሮ መብላት አለ። ይህ ዝርዝር የተጠበቀው በዋነኝነት በበጎ ፈቃደኞች ትጋት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሞደስታ ስም በማዘጋጃ ቤት መዝገብም ገብቷል። በጣሊያን የቤተሰብ ሐኪም ለማግኘትም ሆነ መታወቂያ ለማውጣት የመኖሪያ ምዝገባ የግድ ነው፤ ቤት የሌለው ሰው ደግሞ የሚያስመዘግበው አድራሻ የለውም። የሮም ከተማ ለዚህ መፍትሔ ይሆን ዘንድ «የሞደስታ ቫሌንቲ ጎዳና» የተባለ፣ በካርታ ላይ የማይገኝ ጎዳና ፈጥራ ቤት አልባ ነዋሪዎቿን በዚያ አድራሻ ትመዘግባለች።

የዳንዶሎ ጎዳናው የምግብ አዳራሽ

በ1988 ማኅበረሰቡ በትራስቴቬሬ፣ በዳንዶሎ ጎዳና፣ ነፃ የምግብ አዳራሽ ከፈተ። በሮም ድሆችን የሚመግቡ ሌሎች ተቋማት በዚያን ጊዜም ነበሩ፤ የሀገረ ስብከቱ የበጎ አድራጎት ድርጅት ካሪታስ በ1987 በቴርሚኒ ጣቢያ አጠገብ ማደሪያ ከፍቶ ነበር። የዳንዶሎው አዳራሽ ልዩነቱ በአስተናጋገዱ ነው። ተመጋቢው ትሪ ይዞ ወጥ እስኪጨለፍለት አይሰለፍም። ይቀመጣል፤ በጎ ፈቃደኛው ወደ እርሱ መጥቶ ስሙን ጠርቶ ሰላም ይለዋል፣ የሚፈልገውን ይጠይቀዋል፣ ሳህኑንም ያመጣለታል። ሃይማኖቱ የሚከለክለው ምግብ ካለም ይጠበቅለታል፤ ከተመጋቢዎቹ ብዙዎቹ ከጣሊያን ውጭ የመጡ፣ ጥቂት የማይባሉትም ሙስሊሞች ናቸውና።

ሰውን አስቀምጦ ማስተናገድ ጊዜ ይፈጃል፤ ብዙ እጅም ይጠይቃል። በአንድ ምሽት የሚመገበውን ሰው ቁጥር ለማብዛት ሰልፍ ይቀላል። አስተናጋጅና ተስተናጋጅ ስማቸውን የሚተዋወቁት ግን ወንበር ሲኖር ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሁሉ፣ ሆስፒታል የተኛውን መጠየቅ፣ የልደት ቀን ማስታወስ፣ ከተለየው ቤተሰብ ጋር ማገናኘት፣ ሲሞትም መቅበር፣ የሚበቅለው ከዚህ ትውውቅ ነው።

በዲሴምበር 27 ቀን 2009 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ ወደዚህ አዳራሽ መጥተው ከተመጋቢዎቹ ጋር ምሳ በልተዋል። ተተኪያቸው ፍራንቸስኮስም በጁን 15 ቀን 2014 ማኅበረሰቡን በጎበኙ ጊዜ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ረጂውና ተረጂው ማን እንደሆኑ መለየት ያስቸግራል የሚል መንፈስ ያለው ንግግር አድርገው፣ ሥራቸውን በጸሎት፣ በድሆችና በሰላም ጠቅልለው ገልጸውታል። ሁለቱም ጉብኝቶች በማኅበረሰቡ ዘንድ እስከ ዛሬ በደስታ የሚነሡ ናቸው።

«የድሆች ሚሽላን»

ከ1990 ጀምሮ ማኅበረሰቡ የት እንደሚበላ፣ የት እንደሚታደርና የት እንደሚታጠብ የሚያመለክት አነስተኛ መጽሐፍ በየዓመቱ እያሳተመ ለቤት አልባዎች በነፃ ያድላል። ጋዜጦች በታዋቂው የምግብ ቤቶች መምሪያ ስም «የድሆች ሚሽላን» ብለው ሰይመውታል። በውስጡ የምግብ አዳራሾችና ማደሪያዎች አድራሻና የሥራ ሰዓት፣ ሻወር የሚገኝባቸው ቦታዎች፣ ነፃ ሕክምና፣ የሕግ ምክርና የቋንቋ ትምህርት የሚሰጥባቸው ቤቶች ተዘርዝረዋል። የራሱን የማኅበረሰቡን ብቻ ሳይሆን የሌሎች ተቋማትንም አገልግሎት ማካተቱ ሊመሰገን ይገባል። በሮም የተጀመረው መምሪያ በሌሎች የጣሊያን ከተሞችና ከጣሊያን ውጭም ተከታይ አግኝቷል።

የምሽት ዙር

ወደ አዳራሽ ለማይመጡት አገልግሎቱ ራሱ ይሄድላቸዋል። በቴርሚኒና በቲቡርቲና ጣቢያዎች፣ በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ዙሪያና በሌሎች ሰፈሮች አነስተኛ ቡድኖች ሳንድዊች፣ ትኩስ መጠጥና በክረምት ብርድ ልብስ ይዘው ይዞራሉ። አንድ ቡድን በሳምንቱ የተወሰነ ምሽት ወደዚያው ስፍራ መመለሱ እንደ ደንብ ይቆጠራል፤ ካርቶኑን ያነጠፈው ሰው ማን እንደሚመጣ ያውቃል፣ የሚመጣውም ባለፈው ሳምንት የተነገረውን ያስታውሳል። ሳንድዊቹን ለመስጠት ደቂቃ አይፈጅም፤ ቁጭ ብሎ መጫወቱ ነው ምሽቱን የሚወስደው። አዲስ በጎ ፈቃደኛ ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይሰማራም፤ ልምድ ካለው ጋር እየሄደ ይማራል።

የሚነሡ ክርክሮች

ምግብ ጎዳና ድረስ ማድረስ ሰዎች ከጎዳና እንዳይወጡ ያደርጋል የሚል ትችት በየአገሩ በዚህ አገልግሎት ላይ ይሰነዘራል። ትችቱ ቅድሚያ ለመኖሪያ ቤት ይሰጥ ከሚለው ተገቢ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ቢሆንም፣ ሰው በሳንድዊች ምክንያት ጎዳናን ይመርጣል ማለት ግን ብርድ ላይ ያደረን ሰው አለማወቅ ነው። ማኅበረሰቡ በተግባር ማደሪያ ቤቶችና የጋራ መኖሪያ አፓርታማዎች ማዘጋጀቱም መዘንጋት የለበትም።

በቤተ መቅደስ ውስጥ መብላት ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄም አልጠፋም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በኦክቶበር 2017 በቦሎኛ የቅዱስ ጴጥሮንዮስ ባዚሊካ ውስጥ ከድሆች፣ ከስደተኞችና ከእስረኞች ጋር ምሳ በበሉ ጊዜ ከወግ አጥባቂዎች ወገን ተቃውሞ ተሰምቶ ነበር። የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ፣ በኋላ ካርዲናልና የጣሊያን ጳጳሳት ጉባኤ ፕሬዚዳንት የሆኑት ማቴዮ ዙፒ፣ ከተማሪነታቸው ጀምሮ የሳንት ኤጂዲዮ ሰው ናቸው። ከዚህ ሌላ አንዳንድ የጣሊያን ጋዜጠኞች ስለ ማኅበረሰቡ ተሰሚነትና ውስጣዊ አኗኗር ነቀፌታ ጽፈዋል።

የቅርብ ዓመታት

በኖቬምበር 2019 ከቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ዐምዶች አጠገብ የሚገኘው ፓላትሶ ሚሊዮሪ የተባለ የቫቲካን ሕንፃ፣ ሆቴል ሊሆን ሲችል፣ በፍራንቸስኮስ ውሳኔ ለቤት አልባዎች ማደሪያ ሆነ፤ የሚያስተዳድረውም ሳንት ኤጂዲዮ ነው። በ2020 ወረርሽኝ ወቅት ጎን ለጎን ተቀምጦ መብላት በማይቻልበት ጊዜ ምግቡ ታሽጎ መታደል ግድ ሆኗል።

ከአፍሪካ በኩል የሚጠቀሰው ፍሎሪቤር ብዋና ቹዊ ነው። በኮንጎ ጎማ ከተማ የማኅበረሰቡ አባል ሆኖ የጎዳና ልጆችን ይመግብና ያስተምር የነበረው ይህ ወጣት፣ በሥራው የጉምሩክ ባለሥልጣን ነበር። በ2007 የተበላሸ ምግብ ወደ አገር እንዲገባ ጉቦ ቢቀርብለት አልቀበልም በማለቱ በ26 ዓመቱ ተገደለ። በጁን 15 ቀን 2025 በሮም፣ ከቅጥር ውጭ በሚባለው የቅዱስ ጳውሎስ ባዚሊካ፣ ብፅዕናው ታውጇል።

አባልነትና አስተዳደር

ማኅበረሰቡ የምንኩስና መሐላ አይጠይቅም። ከ2003 ጀምሮ በፕሬዚዳንትነት የሚመሩት ማርኮ ኢምፓሊያትሶ ናቸው። በምግብ አዳራሹም ሆነ በምሽት ዙሩ ለማገልገል አባል መሆን፣ ካቶሊክ መሆንም ግዴታ አይደለም፤ በሌላ ጊዜ ተመጋቢ የነበሩ ሰዎች፣ ስደተኞችና የሌላ እምነት ተከታዮች ጭምር ሽርጥ አስረው ሳህን ያመላልሳሉ።