የከርሰ ምድር ውኃ ምንድን ነው?

ጎጃም፣ መራዊ ከተማ ተከራይቼ በኖርሁበት ግቢ አንድ የእጅ ጉድጓድ ነበር። መስከረም ላይ ገመዱን ጥቂት ክንድ ለቀቅ ሳደርገው ጀሪካኑ ውኃ ይነካል። ግንቦት ላይ ያው ገመድ አይደርስም፤ ቅጥያ ይፈልጋል። አከራያችንን «እትዬ፣ ውኃው የት ሄደ?» ብላቸው፣ «ከሥር ወንዝ አለ አይደል ልጄ? እሱ ወርዶ ነው» አሉኝ።

ብዙዎቻችን የምናስበው እንደ እሳቸው ነው። ጨለማ ውስጥ የሚንዶቀዶቅ ወንዝ ይታየናል። እንደ ሶፍ ዑመር ባለ የኖራ ድንጋይ አገር እውነትም ወንዝ በዋሻ ውስጥ ያልፋል። የጎጃም ደጋ ግን በአብዛኛው የተቀመጠው እሳተ ገሞራ በተፋው ጥቁር ድንጋይ፣ በባዛልት ላይ ነው። ውኃው ያለው በድንጋዩ ስንጥቅና በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ነው። የክረምቱ ዝናብ እየሰረገ ይወርድና ክፍተቱን ሁሉ ይሞላል። የሞላው ክፍል የላይኛው ገጽ የውኃ ጠለል ይባላል። ክረምት ላይ ከፍ፣ በጋ ላይ ዝቅ ይላል። የገመዳችን ጣጣ ይኸው ነው።

ከጣና በስተ ደቡብ ካለው ጥቁር ድንጋይ አንዱን አንስታችሁ እዩት። ብዙውን ጊዜ ልክ እንደ እንጀራ ዓይን አለው። ሊጡ ምጣድ ላይ እንደሚተነፍሰው ሁሉ፣ የቀለጠው ድንጋይም ጋዙን እየተነፈሰ ነው የረጋው። ግን ዓይን መኖሩ ብቻ አይበቃም። ዓይኖቹ እርስ በርስ ካልተገናኙ ውኃ አያሳልፉም፤ መንገድ የሚከፍተው ስንጥቁ ነው። መረሬ አፈር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ብዙ ውኃ ይይዛል፣ ግን ጨብጦ አይለቅም። ሁለት ጎረቤታሞች እኩል ቆፍረው፣ አንዱ ውኃ ሲያገኝ ሌላው ላቡን ብቻ የሚያተርፈው ለዚህ ነው።

ውኃው እዚያ ታች ቁጭ ብሎ አይቀርም። በአፈርና በአሸዋ ውስጥ ብዙ ጊዜ በቀን ከጥቂት ሳንቲ ሜትር እስከ ጥቂት ሜትር ቢጓዝ ነው። ሰፊ ስንጥቅ ካገኘ ግን ይሮጣል። ጥልቀት የሌለው ውኃ አብዛኛውን ጊዜ የመሬቱን ቁልቁለት ይከተላል። ጠለሉ የመሬትን ገጽ የሚነካበት ቦታ ላይ ምንጭ ይፈልቃል። ሰከላ ላይ ሰው ለጠበል የሚሄድበት ግሽ ዓባይም ምንጭ ነው። ጥር ላይ ጠብታ ዝናብ ሳይኖር ግልገል ዓባይ የሚፈሰው፣ ክረምት የሰረገው ውኃ ቀስ እያለ ስለሚወጣለት ነው። የጣናን ዳር ይዛ የተቀመጠችው ባሕር ዳር ራሷ በቧንቧ የምትጠጣው ከሐይቁ ሳይሆን ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ ነው ስላችሁ ትገረሙ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ዓይኔ ግቢያችን ላይ አረፈ። ሽንት ቤቱ የተቆፈረው ከጉድጓዱ በላይ፣ ዐቀበቱ በኩል ነው። ዐሥራ አምስት እርምጃ ቢርቅ ነው። አፈር በዝግታ የሚሰርገውን ውኃ በመጠኑ ያጣራል፤ ስንጥቅ ግን የመጣውን ሁሉ ያሳልፋል። ለእትዬ ነገርኋቸው። ዝም ብለው ቁልቁለቱን ሲያዩ ቆዩና፣ «ታዲያ ሲቆፈር የት ነበርህ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጉድጓዱ ውኃ ለልብስ ብቻ ሆነ።