መድኃኒት የተላመደ ስታፍ ምንድን ነው?

«መድኃኒት የተላመደ ስለሆነ ከሌላው የበለጠ ገዳይ ነው።» ይህችን አባባል ሰምቼ ሰምቼ ታክቶኛል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተንታኝ ከእንስሳት ስለሚገኝ ስታፊሎኮከስ (ባጭሩ ስታፍ) ስለተባለ ባክቴሪያ ሲያወራ በሙሉ ልብ ደገማት። ሁለት ለየቅል የሆኑ ነገሮችን አንድ አድርጓቸዋል።

መላመድ ማለት መድኃኒቱ እያለም መኖር መቻል ነው። የተላመደው ደግሞ ባክቴሪያው እንጂ ላሟ ወይም ውሻው አይደለም። የመጉዳት አቅም ሌላ ጉዳይ ነው።

ጦርና ጋሻን አስቡ። ጦሩ ሰውነትን የሚጎዳበት መሣሪያ ነው፦ ሴል የሚበሳው አልፋ መርዝ፣ ደም የሚያረጋው ኮአጉሌዝ፣ ነጭ የደም ሴሎችን የሚገድሉት መርዞች። ጋሻው የመላመድ ጂን ነው። ሜክ ኤ የሚባለውን ውሰዱ። ሥራው የባክቴሪያውን ግድግዳ የሚገነባ፣ ሜቲሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ የማይዘው ምትክ ፕሮቲን ማሠራት ነው። በቃ። አንድም የእንስሳ ሴል አይበሳም።

ጋሻ ብቻ ይዞ ጦር የሌለው አለ። በጤናማ እንስሳት ቆዳና አፍንጫ ላይ ከሚኖሩት ኮአጉሌዝ የሌላቸው ስታፎች ብዙዎቹ ሜክ ኤን ይዘው ይገኛሉ፤ እንስሳውን ግን እምብዛም አይነኩትም። ጋሻ የሌለው ባለጦርም አለ። ፔኒሲሊን የሚገድለው ስታፊሎኮከስ አውሪየስ የተባለው የስታፍ ዓይነት የላም ጡት ውስጥ ገብቶ፣ በአልፋ መርዙ ጡቱን አጥቁሮ ሊያበሰብሰው ይችላል።

ተንታኙ ማስረጃ ብሎ ያመጣው በአሳማዎች ላይ የሚገኘውን ሲሲ398 የተባለ የአውሪየስ ዝርያ ነው። ታሪኩ ግን እሱ ካለው ጋር አይሄድም። ዝርያው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በኔዘርላንድስ በአሳማዎችና በአርቢዎቻቸው ላይ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው መነሻው ሰው ነው፤ ያኔ ሜቲሲሊን ይገድለው ነበር። ወደ እንስሳት ሲሻገር የሰውን በሽታ መከላከያ ለማምለጥ የሚረዱ ጂኖችን የተሸከመውን ፋጅ፣ ማለትም በባክቴሪያ ውስጥ የሚኖር ቫይረስ፣ ጣለ። ቴትራሳይክሊንና ሜቲሲሊን የሚቋቋምባቸውን ጂኖች ደግሞ አገኘ። ከጦሮቹ አንዱን ጥሎ ጋሻ አነሳ ማለት ነው። ሰው አያሳምምም እያልኩ አይደለም፤ ያሳምማል። የጣለውን ፋጅም መልሶ ሊያነሳ ይችላል።

ታዲያ መላመድ ለምን ያስፈራል? የመጀመሪያው መድኃኒት ሳይሠራ ቀናት ስለሚያልፉ ነው። በእነዚያ ቀናት ጦሩ ሥራውን ይቀጥላል። ሌላው ምክንያት ጋሻው ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ መተላለፉ ነው። እዚህ ላይ ምሳሌዬ ትንሽ ይጎድላል፤ ባክቴሪያ ጋሻውን ለጎረቤቱ ሰጥቶም የራሱ አብሮት ሊቀር ይችላል። ምንም የማይጎዱትን ባለጋሻዎች የምንከታተላቸው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ስህተቱ እንስሳ ስለሚያስገድል ነው። ውሻቸው ቆዳ ላይ ሜቲሲሊን የተላመደ ስታፊሎኮከስ ሱዶኢንተርሚዲየስ የተባለ ሌላ የስታፍ ዓይነት ሲገኝ «ይገደል ወይ?» ብለው የጠየቁኝ አሉ። ልቤን ይነካኛል። ይህ ባክቴሪያ የውሻ ቆዳ ነባር ነዋሪ ነው። ቁስሉ ላይ ላዩን ከሆነ ክሎርሄክሲዲን የተባለ ጀርም ገዳይ ባለበት ሻምፖ በደንብ ማጠብ ብቻውን ብዙ ጊዜ ያድነዋል። ጋሻው አንቲባዮቲክን እንጂ ክሎርሄክሲዲንን አይመክትም።

በሌላ በኩል የላቦራቶሪ ውጤት «መድኃኒቱ ይሠራል» አለ ማለት ላሟ ትድናለች ማለት አይደለም። የላቦራቶሪው ስታፍ ሜዳ ላይ የቆመ ነው። ጡት ውስጥ ያለው ግን በእብጠት ይከበባል፣ ሴል ውስጥ ይደበቃል፣ ባዮፊልም በሚባል ሙጫ መሰል ሽፋን ይጠለላል። ምሽግ ውስጥ ላለ ጋሻ ምን ያደርግለታል?

ስለ ጡት ካነሳን ወተቱንም ልጨምር። ወተት ሲፈላ ስታፉ ይሞታል። አስቀድሞ ወተቱ ውስጥ የለቀቀው ኢንትሮቶክሲን የተባለ መርዝ ግን ሙቀቱን ችሎ ሊተርፍ ይችላል። ወተቱን ጠጥቶ ለሚያስታውከው ሰው፣ ያ የሞተው ስታፍ መድኃኒት ተላምዶ ነበር አልተላመደም ምንም ለውጥ የለውም።