«አሜሪካ ገበሬው እንዳያርስ ትከፍላለች» እና ሌሎችም

ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ዊትማን የሚባል ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) አለ። ፓሉስ በሚሉት ኮረብታማ አገር ያለ፣ በስንዴ ምርት ከአሜሪካ ካውንቲዎች ፊት የሚሰለፍ። እዚያ የትኛው እርሻ ስንት ድጎማ እንደወሰደ ለሕዝብ ክፍት መረጃ ነው። ዝርዝሩን ያየ ሁሉ አስተያየት አያጣም፤ አብዛኛው ግን የተሳሳተ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«የሚከፈለው ለዘሩት ሰብል ነው»

አይደለም። ክፍያው የሚሰላው «ቤዝ ኤከር» በሚባል መዝገብ ነው። መዝገቡ መሬቱ ላይ ከዓመታት በፊት ምን ይዘራ እንደነበር ይዟል። በስንዴ የተመዘገበ መሬት ዘንድሮ ሽምብራ ቢዘራበት የስንዴው ሂሳብ አይቀርም። (ምስርና ሽምብራም ራሳቸው በአሜሪካ የእርሻ ሕግ የሚደጎሙ ናቸው፤ ፓሉስ በሁለቱም ይታወቃል።)

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። በ2014ቱ የእርሻ ሕግ ለስንዴ የተቀመጠው መነሻ ዋጋ በቡሼል፣ ማለትም በ27 ኪሎ ገደማ፣ 5.50 ዶላር ነበር። በ2016 ምርት የአገሪቱ አማካይ ዋጋ 3.89 ወረደ። ልዩነቱ 1.61 ነው፤ የዋጋ ማካካሻ ፕሮግራሙ የሚከፍለው ይህን ልዩነት ነው። አንድ ገበሬ 1,000 ኤከር (አንዱ 0.4 ሄክታር ገደማ ነው) የስንዴ መዝገብ አለው፣ በኤከር 60 ቡሼል ተመዝግቦለታል፣ ይህንኑ ፕሮግራም መርጧል እንበል። የሚታሰብለት 85 በመቶው ብቻ ስለሆነ 850 ኤከር በ60 በ1.61 ይባዛል። ከተቀናሽ በፊት 82,110 ዶላር። ገንዘቡ ግን እጁ የሚገባው ከኦክቶበር 2017 በኋላ ነው። በ2016 ያበደረውን ባንክ እስከዚያ ማን ያባብልለታል?

«በየዓመቱ የሚገባ ደመወዝ ነው»

ድሮ እውነት ነበር። ዋጋ ወጣ ወረደ ሳይባል የሚሰጥ ቋሚ ክፍያ ነበር፤ የ2014ቱ ሕግ አስቀረው። በ2022 ስንዴ ከ8 ዶላር በላይ ሲሸጥ ከላይ ያየነው ገበሬ ከዚህ ፕሮግራም ሰባራ ሳንቲም አያገኝም።

«እንዳያርሱ ይከፈላቸዋል»

ይህ ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ከ1985 ጀምሮ አለ። አፈሩ በቀላሉ የሚሸረሸር መሬት ከ10 እስከ 15 ዓመት ሣር ይለብሳል፣ መንግሥት ኪራይ ይከፍላል። የፓሉስን ዳገት ላየ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም።

«የሚበላው ባለመሬቱ ነው»

መሬቱ በጥሬ ገንዘብ ከተከራየ ክፍያው የአራሹ ነው። በምርት ድርሻ ከሆነ ይካፈሉታል። ባለመሬቱ ድጎማውን አይቶ ኪራይ ሊጨምር ይችላል፤ ያ ግን የሁለቱ ድርድር ነው።

«ጣሪያ ስላለው ትልልቆቹ አይጠቀሙም»

ጣሪያው አለ። በሰው 125,000 ዶላር ነበር፣ የ2025ቱ ሕግ ወደ 155,000 አሳደገው። ዋናው ቃል «በሰው» የሚለው ነው። በሽርክና የሚሠራ እርሻ ውስጥ እያንዳንዱ ሸሪክ የራሱ ጣሪያ ሊኖረው ይችላል። የ2018ቱ ሕግ ደግሞ የቤተሰብ እርሻ የሚለውን አስፍቶ የአጎትና የአክስት ልጆችን፣ የወንድምና የእህት ልጆችንም ጨመረ። ማሳው ላይ መዋል ግዴታ አይደለም፤ የአስተዳደር ሥራም ይቆጠራል። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ አንድ የቤተሰብ ስም አምስት ጊዜ ተደጋግሞ ብታዩ የጽሕፈት ስህተት ነው ብላችሁ አትለፉት።