ነውር ምንድን ነው?

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ። አንድ ጎረምሳ ማንጎ ክምር ላይ ጎንበስ ብሏል። አንዱን በአውራ ጣቱ ይጫንና ይመልሳል። ሌላውንም እንዲሁ። አምስት ስድስቱ ላይ የጣቱን ጉድጓድ ትቶ፣ ሳይገዛ ሊሄድ ሲል ሻጯ አየችው።

«ነውር ነው ልጄ!»

ይኸው ነው ያለችው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰና ሁለት ኪሎ አስመዘነ።

«ባለጌ» ብትለው ኖሮ መልስ አያጣም ነበር። ስድብ ነዋ! «ነውር» ግን ሰውየውን ትቶ ሥራውን ነው የሚይዘው። በዚያ ላይ «ሰው እያየህ?» የሚል አለበት። ቁጣም ትዝብትም ነው።

ቃሉ ድሮ እንከን ማለት ነበር። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 ለፋሲካ የሚታረደው ጠቦት «ነውር የሌለበት» ይሁን የተባለው ለዚህ ነው። በጉ ምን አሳፋሪ ነገር ይሠራል? አካሉ ሙሉ ይሁን ማለት ነው እንጂ። የድሬ ሶማሌ ጎረቤቶቻችን በዚህ ቦታ «ዔብ» ይላሉ፤ ከዓረብኛው «ዓይብ» ጋር አንድ ነው። እሱም የዕቃ እንከን ማለት ነው፤ በእስልምና የንግድ ሕግ ዓይብ የተገኘበትን ዕቃ ገዢው መመለስ ይችላል። እኛ ግን ዛሬ የተጎዳ ማንጎ «ነውር አለበት» አንልም። ቃሉ ከማንጎው ወደ ጣቱ ዞሯል።

ድርጊቱ «አስነዋሪ» ነው። አድራጊው «ነውረኛ»። ጭራሽ የማያፍርበት ደግሞ «ነውር ጌጡ»። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ነው፤ «ነውረኛ» ካሉ በኋላ ምክር የለም፣ ጠብ ነው።

ለስለስ ያለም አለው። ሻይ ጠጥታችሁ ሒሳብ ልክፈል ስትሉ «ኧረ ነውር ነው! እኔ እያለሁ?» ይሏችኋል። ይሄ ፍቅር ነው፤ ሁለቴ ታግላችሁ ተሸነፉ።

ደግሞ የአንዱ አገር ነውር ለሌላው ወግ ነው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም የለም። አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዴ፣ ሽማግሌ ጎረቤታችንን «አንተ» ስለው ሰምቶ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

«ነውር ነው! አባትህ ይሆናሉ እኮ!»

ሽማግሌው ሰምቶ ሳቀ። «ተወው፤ አንቱ ያለኝ ቀን ተጣልተናል ማለት ነው።»