በካርድ የሚቀርጹ ኤችዲ ካሜራዎች እና የቀረጻ ቦታ ማከማቻ

በካርድ የሚቀርጽ ኤችዲ ካሜራ ምስልና ድምፁን በካሴት ሳይሆን በሜሞሪ ካርድ ላይ፣ በፋይል መልክ የሚያስቀምጥ ካሜራ ነው። ካሴት የሚጎትት ሞተር የለውም። ካሴቱን የሚያነበውና የሚቆሽሸው ሄድም የለውም። አቧራና ንዝረት ብዙም አያሳስቡትም። ስለ ካሜራዎቹ ብዙ ተብሏል። ካርዱ ሞልቶ ቀረጻው ገና ሲቀር ምን እንደሚደረግ ግን የሚነግርህ የለም፤ እዚህ ረዘም ብለን የምንቆየው እሱ ላይ ነው።

መነሻው ፍላሽ ሜሞሪ ነው። የፈለሰፈው በቶሺባ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ሲሆን፣ በዛሬዎቹ ካርዶች ውስጥ ያለው ናንድ የሚባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1987 ለዓለም ቀረበ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው)። ወደ ቪዲዮ ካሜራ ለመግባት ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። ዋጋው ውድ፣ ቦታውም ጠባብ ነበር።

ካሴትን ቀድሞ የጣለው ማን ነው የሚለው ያከራክራል። የካሜራ አምራቹ ኢኬጋሚ ከኤዲቲንግ ሶፍትዌር ሠሪው አቪድ ጋር ሆኖ በ1995 ኤዲትካም የተባለ ካሜራ አሳይቷል። ያ ካሜራ የሚቀርጸው ግን በሃርድ ዲስክ ላይ ነበር፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ይሽከረከራል። ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የሌለበት ማከማቻ ካልን፣ ለሙያው መንገድ የከፈተው ፓናሶኒክ በ2004 ያወጣው ፒ2 የተባለ ካርድ ነው ብል የሚቆጣኝ ብዙ አይመስለኝም።

ፒ2 ካርድ በመጠኑ የያኔ ላፕቶፖች ጎን ላይ ይገባ የነበረውን ፒሲ ካርድ ያክላል። በብረት የተሸፈነ ነው፤ ኪስ ውስጥ ሲገባ ክብደቱ ይሰማል። የመጀመሪያዎቹ በውስጣቸው አራት ኤስዲ ካርዶችን አጣምረው ይይዙ ነበር። መረጃው በአራቱ ላይ እኩል እየተከፋፈለ ስለሚጻፍ ፍጥነቱ ከአንድ ካርድ በእጅጉ ይበልጣል። በዚያ ዘመን አንድ ኤስዲ ካርድ ብቻውን ያንን ጫና አይችልም ነበር።

የብዙዎቻችን መግቢያ በር በ2005 መጨረሻ ለገበያ የቀረበው የፓናሶኒኩ ኤጂ-ኤችቪኤክስ200 ነው። በእጅ የሚያዝ ካሜራ ነው። ሁለት የፒ2 ቀዳዳ አለው፤ በጎኑ ደግሞ የሚኒ ዲቪ ካሴት ማስገቢያ። ካሴቱ ተራውን ዲቪ ብቻ ነው የሚቀርጸው። ኤችዲ ከፈለግህ ካርድ የግድ ነው። በ720 ጥራት በሰከንድ ከ12 እስከ 60 ፍሬም እየቀያየሩ መቅረጽ ይቻላል። ዝግ ያለ እንቅስቃሴን በዚህ መጠን ካሜራ ማየት ለኛ ብርቅ ነበር።

ችግሩ ሒሳቡ ነው። ካሜራው ኤችዲ የሚቀርጽበት ፎርማት፣ ዲቪሲፕሮ ኤችዲ፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ይበላል። ድምፁና ሌላው ሲጨመር አንድ ጊጋባይት አንድ ደቂቃ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ 8 ጊጋባይት ካርድ ማለት 8 ደቂቃ ነው። በ720 ጥራት በ24 ፍሬም ብቻ ሲቀረጽ ወደ 20 ደቂቃ ይደርሳል። ከ60 ደቂቃ ካሴት ለመጣ ሰው ይህ ቀልድ ይመስላል። ቃለ መጠይቅ እየቀረጽክ ዓይንህ እንግዳው ላይ ሳይሆን የቀሪ ደቂቃ ቁጥሩ ላይ ይተከላል።

ደግነቱ አንዱ ካርድ ሲሞላ ካሜራው ሳያቋርጥ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። የሞላውን አውጥቶ ባዶ መተካት ይቻላል። ከቀዳዳው አጠገብ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ካርዱን መንካት ግን ክልክል ነው። በሦስት ካርድ ቀኑን ሙሉ የሚሠሩ ካሜራማኖች አውቃለሁ። ከጀርባቸው ግን ፋታ የማያገኝ አንድ ሰው ነበር፦ ገልባጩ።

አማርኛ «መገልበጥ» ሲል መቅዳትንም መድፋትንም ያጠቃልላል። ለዚህ ሥራ ከሱ የሚስማማ ቃል አላየሁም። ካርዱ ይቀዳል፣ ከዚያ ይደፋል። ሁለቱ ከተቀያየሩ አለቀ። እኔ አንድ ቀን ሁለት ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ያልተገለበጠውን ፎርማት አድርጌያለሁ። የጠዋቱ ቀረጻ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ዳይሬክተሩ አልጮኸም፤ ጮኾ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተቀረጸበት ካርድ የመጻፊያ መቆለፊያው ተዘግቶ ግራ ኪስ ይገባል። ባዶው ቀኝ ኪስ ነው። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቅድም።

ላፕቶፕ ይዞ መዞር በማይቻልበት ቦታ ፓናሶኒክ ፒ2 ስቶር የተባለ ሳጥን ነበረው። በራሱ ባትሪ የሚሠራ፣ 60 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ የያዘ ዕቃ ነው። ካርዱን ትሰካለህ፣ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ገልብጦ ሲጨርስ ይነግርሃል። ምስሉን የሚያሳይ ስክሪን ግን የለውም፤ አምነህ ነው የምትሄደው። ፎከስ ኢንሃንስመንትስ ደግሞ ፋየርስቶር ኤፍኤስ-100 የተባለ ባለ 100 ጊጋባይት መቅረጫ አወጣ። እሱ በፋየርዋየር ገመድ ከካሜራው ጋር ተያይዞ በቀጥታ ይቀርጻል። ረጅም ዝግጅት ለሚቀርጽ ትልቅ ዕፎይታ ነበር። ያው በውስጡ ዲስክ ይሽከረከራል፤ ተሸክሞ ለሚሮጥ ሰው አይመከርም።

በ2007 ሶኒ ፒኤምደብሊው-ኢኤክስ1ን አመጣ። ካርዱ ኤስኤክስኤስ ይባላል፤ ከሳንዲስክ ጋር የሠሩት ነው። በሰከንድ 35 ሜጋቢት ስለሚቀርጽ 16 ጊጋባይት ወደ 50 ደቂቃ ይይዛል። ብርሃኑን ወደ ምስል የሚለውጠው ሴንሰሩም ሙሉ 1920 በ1080 ነጥብ ነው። የኤችቪኤክስ200 ሦስት ሴንሰሮች እያንዳንዳቸው 960 በ540 ብቻ ናቸው፤ ሦስቱን በጥቂቱ አዛንፎ በማስቀመጥ ነው ዝርዝሩ የሚሞላው። በዚህ የተነሳ «እውነተኛ ኤችዲ አይደለም» የሚሉ አሉ። በወረቀት ላይ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም የሶኒው ሲሞስ ሴንሰር ካሜራው በፍጥነት ሲዞር ቀጥ ያለውን ምሰሶ ያጋድላል፤ የፓናሶኒኩ ሲሲዲ የሚባለው ሴንሰር ይህ የለበትም። በፓናሶኒኩ እያንዳንዱ ፍሬምም ለብቻው ስለሚጨመቅ የያኔ ኮምፒውተር ኤዲት ሲያደርገው አይንገዳገድም፣ የቀለም መረጃውም የበለጠ ነው። የፊት ቆዳ ላይ ያለውን ቀለም ደግሞ አይቶ መፍረድ ነው።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ረከሰ። ጄቪሲና ሌሎችም በተራ ኤስዲ ካርድ የሚቀርጹ ካሜራዎች አወጡ፤ በ2008 የመጣው የፎቶ ካሜራ ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ደግሞ ፎቶ አንሺውን ሁሉ ቪዲዮ ቀራጭ አደረገው። በመጋቢት 2011 ጃፓንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ሴንዳይ አጠገብ ያለውን የሶኒ የካሴት ፋብሪካ ሲጎዳ፣ ትልልቅ ስቱዲዮዎች የሚቀርጹበት የኤችዲካም ኤስአር ካሴት ከገበያ ተመናመነ። በካርድ ሲያመነቱ የነበሩት እነዚህ ስቱዲዮዎችም ወደ ፋይል ለመዞር ተቻኮሉ።

የአገለባበጥ ጥበቡ ግን ያው ነው። ፒ2 ካርድ ሲከፈት «ኮንቴንትስ» የሚል ፎልደር አለ፤ በውስጡ ቪዲዮ፣ ኦዲዮ፣ ክሊፕ፣ አይከንና ሌሎች። ጀማሪ ቪዲዮ የሚለውን ብቻ ጎትቶ ይወስዳል። ኤዲት ቤት ሲደርስ ምስሉ ድዳ ነው፤ እያንዳንዱ የድምፅ ቻናል ሌላ ፎልደር ውስጥ ለብቻው ፋይል ነበራ! ስለዚህ ካርዱ እንዳለ፣ ስሙ ሳይነካ ይገለበጣል። የራስህን ስም ከላይ ባለው ፎልደር ላይ ጻፍ፦ ቀን፣ የካሜራ ፊደል፣ የካርድ ቁጥር። አንድ ረጅም ቀረጻ ከአንዱ ካርድ ወደ ሌላው ተሻግሮ ሊሆን ይችላል። ያኔ የሁለቱም ካርዶች ግልባጭ ካልተገኘ ቀረጻው ጎዶሎ ይሆናል።

በፎልደር መጠን መመሳሰል መርካት አይገባም። ጥሩ የመገልበጫ ሶፍትዌር ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አጭር ቁጥር አውጥቶ ዋናውንና ግልባጩን ያነጻጽራል፤ ቼክሰም ይሉታል። ከፋይሉ አንድ ቢት ብትለወጥ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ከዚያም ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ይገለበጣል፤ ሁለቱ በአንድ ቦርሳ፣ በአንድ መኪና አይሄዱም። ካርዱ ፎርማት የሚደረገው ሁለቱ ግልባጮች ተረጋግጠው ጥቂት ክሊፖች ከታዩ በኋላ ነው፤ እሱም በካሜራው እንጂ በኮምፒውተር አይደለም።

አሁን ከካርድ በተጨማሪ ኤስኤስዲም፣ ማለትም የማይሽከረከር የፍላሽ ሜሞሪ ዲስክም፣ አለ። በ2012 የወጣው የብላክማጂክ ሲኒማ ካሜራ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባውን ተራ ኤስኤስዲ በቀጥታ ይጠቀም ነበር። ኤስዲ ካርዶችም ቪ30፣ ቪ60፣ ቪ90 የሚል ምልክት ያዙ፤ ቁጥሩ ካርዱ ሳይቋረጥ በሰከንድ ቢያንስ ስንት ሜጋባይት እንደሚጽፍ ይናገራል። ካርድ ሲገዛ መታየት ያለበት ይሄ ነው። በደማቁ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የማንበብ ፍጥነት ነው። ለዓመታት ማቆያ ግን ብዙ ድርጅቶች ኤልቲኦ የሚባለውን የመረጃ ካሴት ይጠቀማሉ። አዎ፣ ዞሮ ዞሮ ካሴት።

የፒሲ ካርድ ቀዳዳ ከላፕቶፖች ጎን ከጠፋ ቆይቷል። ሁለቱ ባለ 8 ጊጋባይት ካርዶቼ ዛሬም ይሠራሉ። ማየት ስፈልግ አሮጌውን ካሜራ አውጥቼ ባትሪውን ሞልቼ፣ ጎኑ ላይ ባለችው ትንሽ ስክሪን አያቸዋለሁ።