«ተወው፣ ይቅር» ምንድን ነው? የኢያጎን ጎደሎ ቃል ስለ ማንበብ

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ስንበላ ከጎናችን የተቀመጠ ወጣት ለጓደኛው ስለ አንዲት ልጅ ሊያወራ ጀመረና «ተወው፣ ይቅር» ብሎ ዝም አለ። ጓደኛው እጁን ከሳህኑ አነሳ፤ ዓሣውን ዳግመኛ አልነካውም። ወጣቱ ግን አንድም ክፉ ነገር አልተናገረም፤ ቃሉ ቢመረመርም ሐሰት አይገኝበትም።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በሼክስፒር «ኦቴሎ» ውስጥም የጦር አዛዡ ኦቴሎ ሚስቱን ዴዝዴሞናን እንዲጠረጥር የሚገፋፋው የበታቹ ኢያጎ ሥራውን የሚጀምረው እንዲህ ባለ ቃል ነው። በሦስተኛው ገቢር፣ በሦስተኛው ትዕይንት፣ የኦቴሎ ምክትል ካሲዮ ከዴዝዴሞና ተለይቶ ሲሄድ አይቶ «ይህስ ደስ አይለኝም» ይላል፤ ኦቴሎ «ምን አልክ?» ሲለው ግን «ምንም፣ ጌታዬ» ብሎ ያፈገፍጋል። ጥቂት ቆይቶ ኦቴሎ ካሲዮ ታማኝ መሆኑን ሲጠይቀው «ታማኝ፣ ጌታዬ?» ብሎ ጥያቄውን ራሱን ይመልስለታል፤ «ምን ታስባለህ?» ሲለውም «አስባለሁ፣ ጌታዬ?» ይላል። ኦቴሎም ይህ ሰው ቃሌን እንደ ገደል ማሚቶ የሚመልስልኝ በሐሳቡ ውስጥ ለማየት የሚያስፈራ ነገር ቢሸሽግ ነው ብሎ ይደመድማል። እንግዲህ አስፈሪውን ነገር የፈጠረው አድማጩ ራሱ ነው።

አማርኛ አንባቢ ይህን ከሰምና ወርቅ ጋር ሊያመሳስለው ይችላል፤ እኔ ግን አልስማማም። ባለቅኔ ወርቁን ራሱ ቀብሮ አድማጩ ቆፍሮ እንዲያገኘው ይሻል፤ ኢያጎ የሚያቀርበው ሰም ግን ባዶ ነው፣ ወርቁን የሚጨምርበት ኦቴሎ ነው። ስለዚህ የኢያጎን ቃል የሚተረጉም ሰው «ምን ማለቱ ነው?» ከማለት ይልቅ «ዓረፍተ ነገሩን ማን ጨረሰው?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ምክሩም እንዲሁ ነው፤ «ከቅናት ይጠንቀቁ» ሲል፣ ኦቴሎ ገና ስሙን ያልጠራውን ስሜት ስም ሰጥቶ ያስጨብጠዋል።

ኢያጎ ዐይን ያወጣ ውሸት አይዋሽም ማለቴ አይደለም፤ ካሲዮ ስለ ዴዝዴሞና አለመ የሚለውን ሕልምና ኦቴሎ ለሚስቱ የሰጣት መሐረብ በካሲዮ እጅ ታየ የሚለውን ወሬ ፈጥሮ ይነግረዋል። ይሁንና ወደዚያ የሚሻገረው ኦቴሎ ተቆጥቶ «ማስረጃ አምጣ» ካለው በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሰውየው ለማመን የቸኮለ ስለሆነ ብዙም አይመረምርም።

በመጨረሻ ኢያጎ ተይዞ ይህን ሴራ ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅም መልሱ «ምንም አትጠይቁኝ፤ የምታውቁትን ታውቃላችሁ» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ አይናገርም።